ቤት ሳይፈርስ ስለ መደገፍ

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዛችሁኝ ጊዜ፥ ስለ ደብሩ ታሪክና ስለ ሕንጻው ከእኔ ይልቅ የሚያውቅ ሰው እንዳለ አስቤ፥ ስለ ሥራዬ ብናገር ይሻላል አልሁ። ሥራዬም በዚህ ደጅ የሚያልፍ ሥራ ስለ ሆነ ለበዓሉ ባዕድ አይሆንም። መሥሪያ ቤታችን በወረቀት ላይ «ከፍተኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ» ይለኛል፤ የሰፈሩ ሰው ግን አንዳንዱ ሶሻል ወርከር፥ አንዳንዱም «የልጆች ጉዳይ» ብሎ ይጠራኛል። እኔን የሚመስለኝ ይህ ሁለተኛው ስም የቀና ነው፤ የጐደለው አንድ ነገር ቢኖር ልጅ ብቻውን የማይታይ መሆኑ ነው። ልጅ ያለ ቤቱ አይታይም።

በቋንቋችን አባት ወይም እናት የሞተበትን ልጅ የምንጠራበት ሁለት ስም አለን። አንደኛው ከግእዝ የወረስነው እጓለ ማውታ የሚለው ነው፤ ትርጓሜውም የሙት ልጅ ማለት ነው። ሁለተኛው ደሀ አደግ የሚለው ነው። እስቲ ይህን ሁለተኛውን ስም ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሞትን አያነሣም፤ የሚያነሣው ድህነትን ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ያወጡት ከርኅራኄ ይመስለኛል፤ አባት የሞተበት ቤት ብዙ ጊዜ ይደኸያልና። ነገር ግን በእኛ ዘመን ነገሩ ተገልብጦ፥ አባቱ የሞተውን ልጅ ደሀ አደግ ማለታችን ቀርቶ፥ ደሀ የሆነውን ልጅ ሁሉ እንደ ሙት ልጅ መቍጠር መጣ። እናቱ በሕይወት ሳለች፥ ለዚያውም በዐይኗ እያየችው፥ ልጁ የሙት ልጅ ሆኖ በመዝገብ ይጻፋል። ዛሬ ለመናገር የተነሣሁት ስለዚህ ስሕተት ነው፤ በዚህ ስሕተት ብዙ ቤት ፈርሷልና።

የነገሩን አመጣጥ በአጭሩ ላውሳ። (የአገራችንን ዘመን ዓ.ም. ብዬ እናገራለሁ፤ የውጭውን አገር ዘመን ግን በአውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ።) በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ፥ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ረኃብ በጸና ጊዜ፥ ቍጥር የሌላቸው ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተለይተው በየመጠለያው ቀሩ። በዚያን ጊዜ የሕፃናት ማሳደጊያ መክፈት ነፍስ ማዳን ነበረ። የክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ነገር የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄደው ሳሉ፥ ረኃብ የጣለውን ሕዝብ በመንገድ አይተው፥ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ባንድ ዓመት ውስጥም የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ሆኑ፤ በዚህም ምክንያት ከትዳራቸው ተለይተው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ በዚሁ ሥራ ጸኑ። እኒህን እናት ሳመሰግን አንድ ነገር አልረሳም፤ ያነሡት ልጅ የሚያነሣው ሌላ ሰው የሌለውን ልጅ ነበረ።

ክፉው ቀን ካለፈ በኋላ ግን ማሳደጊያዎቹ አላነሱም። ቤት ከተሠራ አልጋ ይገባበታል፤ አልጋ ከገባም የሚተኛበት ይፈለጋል። ርዳታ የሚሰጠው የውጭ አገር ሰውም የሚሰጠው በአልጋው ቍጥር ነው። ስለዚህ ቀስ በቀስ ወደ ማሳደጊያው የሚገቡት እናት ያላቸው፥ አባት ያላቸው፥ አያት ያላቸው ልጆች ሆኑ። ከዚያም የውጭ አገር ጉዲፈቻ በረታ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ባንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 የሚበልጡ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከሄዱት መካከል ብዙዎቹ አንዱ ወላጃቸው ወይም ሁለቱም በሕይወት የነበሩ ናቸው፤ ከእናቶቹም አንዳንዶቹ በወረቀቱ ላይ ጣታቸውን ሲያትሙ ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ በቀን የሚያየውን የጉዲፈቻ ጉዳይ ከ5 እንዳይበልጥ አደረገ። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን የሚከለክለውን ሕግ አጸደቀ፤ ይኸውም አዋጅ ቍጥር 1070/2010 የሚባለው ነው።

አዋጁን እኔ እደግፈዋለሁ። ሆኖም በሩ ተዘጋ እንጂ እናቲቱን ወደዚያ በር ያደረሳት ችግር በአዋጅ አልተሻረም። የቤት ኪራይ አለ፤ ሕመም አለ፤ የባል መሞት፥ የባል መጥፋት አለ። ከአዋጁ በኋላም የምትመጣው እናት ያችው እናት ናት፤ የምትጠይቀውም ቃል ያው ነው፤ «ልጆቼን ተቀበሉኝ» ትላለች።

አንዳንድ ሰው፥ ይልቁንም ቸር የሆነ ሰው፥ እንዲህ ይለኛል፤ «በማሳደጊያ ቤት ሦስት ጊዜ ይበላል፥ ንጹሕ አልጋ አለ፥ ትምህርት አለ፤ ከጭቃ ቤት ይልቅ ይህ አይሻለውምን?» ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ ሊቃውንትም ብዙ ዘመን መርምረውታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጆን ቦውልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የዓለም የጤና ድርጅት አዝዞት፥ ቤት አጥተው በየማሳደጊያው ስላደጉ ልጆች መርምሮ በ1951 ጻፈ። ያገኘውም ነገር፥ ሕፃን ምግብና ልብስ ቢሟላለትም፥ የማይለዋወጥ የአንዲት እናት ወይም እናቱን የምትተካ የአንዲት ሴት ፍቅር ከተለየው አእምሮው እንደሚጐዳ ነው። ከዚህም የተነሣ መንግሥታት ለማሳደጊያ የሚያወጡትን ገንዘብ ቤተ ሰቡን ለመደገፍ ቢያውሉት እንደሚሻል መከረ። እንደገናም በ2000 ዓመት ገደማ በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት፥ በማሳደጊያ ያሉ 136 ሕፃናት ተመርጠው፥ እኩሌቶቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተ ሰብ ተሰጡ፥ እኩሌቶቹ ባሉበት ቈዩ። በ2007 ውጤቱ ሲታተም፥ ቤተ ሰብ ያገኙት ሕፃናት በአእምሮ ዕድገት በማሳደጊያው ከቀሩት በልጠው ተገኙ፤ ከሁሉም ይልቅ የበለጡት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤት የገቡት ነበሩ። አልጋው ንጹሕ ነበረ፤ ሞግዚቶቹ ግን በፈረቃ ይለዋወጡ ነበር። ሕፃን ደግሞ በፈረቃ አይወድድም።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በ34ኛው አንቀጽ ቤተ ሰብ የኅብረተ ሰብ መሠረት እንደ ሆነና ጥበቃ እንደሚገባው፥ በ36ኛውም አንቀጽ ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተቀበለው መመሪያ ደግሞ፥ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ፥ ይልቁንም ለቤተ ሰቡ ድጋፍ እንደሚያስፈልግ የሚያመለክት ምልክት ሆኖ እንዲቈጠር ያዝዛል። በእኔ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ብዙ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሁሉም አስቀድሜ ለአዲስ ባለሙያ የማነብለት ይህንን ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ይህን ሙያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተው በ1959 ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ ብዙ ዘመን ኖረና በ2004 በዩኒቨርሲቲው እንደገና ተከፈተ። ስለዚህ ከመካከላችን ወጣቶች ይበዛሉ፤ ትምህርት አላቸው፥ ቅንነትም አላቸው፤ ጊዜ ግን የላቸውም፤ ባንድ ሰው ላይ የሚከማቸው ጉዳይ ብዙ ነውና። ከፍተኛ ባለሙያ የሚባለው ሰው ዋና ሥራም የእነሱን ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው ፊርማ ሥልጣን ይመስለዋል። በእኛ ሥራ ግን ፊርማ ልጅን ከእናቱ ይለያል፤ እጅን መሰብሰብም በክፉ ቤት ያለውን ልጅ ሊያስገድል ይችላል። በእነዚህ በሁለቱ ፍርሀቶች መካከል ነው የምንሠራው።

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ግን አንዳንዱን ነገር ለውጬአለሁ። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ሦስት ልጆቿን ይዛ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጣች። ትልቂቱ የ9 ዓመት ልጅ ናት፤ ታናሹ ገና ጡት አልጣለም። የመጣችውም ገንዘብ ለመለመን አልነበረም፤ ሁለቱን ትልልቆች «ድርጅት አስገቡልኝ» ለማለት ነበረ። የተቀበላት ወጣት ባለሙያ አዝኖላት፥ ቶሎ እንዲፈጸምላት ብሎ፥ በዚያው ቀን ደብዳቤውን ጽፎ አመጣልኝ። ምክንያቱ በሁለት ቃል ተጽፏል፤ «የኑሮ ችግር» ይላል። «ችግሩ የጀመረው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። አልጠየቃትም ነበር። ባሏ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ ልጆቿን አልሰጠችም፤ እንግዲህ በዚህ ወር ምን ተጨመረባት? ደብዳቤውን በጠረጴዛ ላይ ትተን በማግሥቱ ወደ ቤቷ ሄድን።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ወለሉ አፈር ነው፤ ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ጀሪካኖቹ ሞልተዋል። የልጆቹ ደብተር አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ በምስማር ተሰቅሏል። ትልቂቱ ልጅ እኛን ስታይ ታናሿን ብድግ አድርጋ አቀፈችው፤ ሕፃኑ ግን ከእናቱ ፊት ዐይኑን አያነሣም፤ እሷ ወደ ጓዳ ስትል ይከተላታል። እነዚህ ሁሉ በሙያችን ምስክሮች ናቸው። ወንበር ስለ ማነሱ መጻፍ ቀላል ነው፤ የተሰቀለውን ደብተር ማየት ግን ዐይን ይፈልጋል። ያ ወጣት ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው።

ቀስ ብለን ስንጠይቃት ነገሩ ወጣ። እንጀራ እየጋገረች ለሁለት ምግብ ቤቶች ትሸጥ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣዷ ሽቦ ተቃጠለ። ለማሠሪያው ያስቀመጠችውን ገንዘብ ሕፃኑ ታመመና ለሐኪም ከፈለችው። እንጀራው ሲቋረጥ ምግብ ቤቶቹ ሌላ ጋጋሪ ያዙ። ከዚያም ኪራዩ ሦስት ወር አለፈ፤ አከራይዋም እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ነገሯት። ልጆቿን ልትሰጥ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው፤ በመንገድ ላይ ይዣቸው ከማድር ይሻላቸዋል ብላ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ያ ቤት ሊፈርስ የደረሰው በምጣድ ሽቦ ነው።

«ዕድር የለሽም ወይ?» አልኋት።

«አለኝ እንጂ እትዬ» አለች፤ «ብሞት ኖሮ ይደርሱልኝ ነበር። ክፋቱ አልሞትሁም።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ዕድርን የመሰለ ነገር በብዙ አገር የለም፤ ሰው በሞተ በሰዓቱ ድንኳን ይተከላል፥ ወንበር ይመጣል፥ ለቀስተኛ አይታጣም። ነገር ግን ያችው ሴት ሞታ ቢሆን ሊሰበሰብ የነበረው ሰውና ገንዘብ፥ በሕይወት ሳለች ለምጣድ ሽቦ አልተገኘም። የዕድሩን ዳኛ ሄጄ ባነጋገርኋቸው ጊዜ መጀመሪያ እምቢ አሉ። ምክንያታቸውም ዋዛ አልነበረም። «የቀብር ገንዘብ አደራ ነው፤ ዛሬ ለምጣድ ከሰጠን ነገ ለበር ይጠይቁናል፤ የሚሞት ሰው ሲመጣ ካዝናው ባዶ ይሆናል» አሉ። በሁለት እሑድ ስብሰባ ተከራከሩበት። በመጨረሻም በስጦታ ሳይሆን በብድር እንዲሰጣት፥ ከወርኀዊ መዋጮዋ ጋር ጥቂት በጥቂት እንድትመልስ ወሰኑ። ይህ ውሳኔ እኔ ካሰብሁት የተሻለ ነበረ፤ ብድር ክብሯን አላጐደለባትምና። በአገራችን ዛሬ ደንባቸውን አሻሽለው ሙት ልጆችንና ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚረዱ ዕድሮች አሉ፤ ይህም የመጣው በኤች አይ ቪ ምክንያት የቀብሩ ብዛት ዕድሮቹን ካስጨነቃቸው ዘመን በኋላ ነው።

አከራይዋ የሁለት ወር ጊዜ ሰጧት። ምጣዱ ተሠራ። ከምግብ ቤቶቹ አንዱ ተመለሰላት፥ አንዱ አልተመለሰም። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ወደ ተጀመረው ወደ ከተማው ሴፍቲኔት እንድትገባ በቀበሌው በኩል ስሟን አስጻፍን፤ ተራው ግን ወዲያው አልደረሳትም። ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ ተቃና ብዬ አላሳምርላችሁም፤ ዛሬም ደሀ ናት። ልጆቿ ግን ሦስቱም ከእሷ ጋር በዚያው ክፍል ያድራሉ፤ ደብዳቤውም ከነምክንያቱ በማኅደሩ ውስጥ ሳይፈረም አለ።

ወጪውን ለሚያሰላ ሰው ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። በታንዛንያ፥ ካጌራ በሚባለው አውራጃ፥ የዓለም ባንክ ባስጠናው ጥናት፥ ባንድ ማሳደጊያ ቤት ላንድ ልጅ በዓመት የሚወጣው ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር የሚበልጥ ሲሆን፥ ልጁን በሰው ቤት ለማሳደግ ከሚበቃው ገንዘብ ወደ 6 እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። በገንዘብ በኩል እንኳ የእናት ቤት ይረክሳል።

አሁን ለካህናት አባቶቼ ልናገር። የእኛ ባለሙያ ወደ አንድ ቤት የሚደርሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ በሩንም ሲያንኳኳ እንደ ፖሊስ ይፈራል። የነፍስ አባት ግን ጠበል ሊረጭ ሲገባ በሩ ይከፈትለታል፤ ጫማ ይወልቅለታል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይቆምለታል። እኔ በሦስት ወር የማላየውን እናንተ በሩብ ሰዓት ታያላችሁ። የንስሓ ምስጢር ምስጢር ነው፤ እርሱን የሚጠይቅ ሰው የለም። ነገር ግን ከንስሓው ውጭ ዐይን የሚያየው አለ። ባለፈው ዓመት የነበረው አልጋ ዘንድሮ ከተሸጠ፥ የቤቱ ዕቃ አንድ በአንድ ከሄደ፥ ትልቂቱ ልጅ በትምህርት ሰዓት ቤት ከተገኘች፥ እናቲቱ ስትናገር ድምፅዋ ከሰለለ፥ ያ ቤት እየዘመመ ነው። በዚያን ጊዜ «አይዞሽ» ማለት ደግ ነው፤ «ኪራይሽ ስንት ወር ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ከዚያ ይበልጣል።

አባት ሆይ፥ ስለ ደጀ ሰላሙም አንድ ነገር ልናገር ፍቀዱልኝ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሕፃን ተጥሎ ሲገኝ ለፖሊስ መንገር ሕግ ነው፤ ይህን አታስቀሩ። ይሁን እንጂ የጣለችውን ሴት ከሩቅ ሆኖ መራገም ለማንም አልጠቀመም። ልጇን በዚህ የምታኖረው ከገደል ይልቅ የእናንተን ርኅራኄ ስላመነች ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከዛፍ ሥር ቆማ፥ እስኪነሣ ድረስ ትመለከታለች። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፥ በሰው ቤት ሠራተኛነት የተቀጠሩ፥ ሲያረግዙ ከሥራ የተባረሩ ልጆች ናቸው። የሚያስጨንቃቸው ከወሊድ በፊትና በኋላ ያለው ጥቂት ወር ነው፤ ማደሪያ፥ ምጥን የሆነ ምግብና ወደ አባቷ ቤት የሚሄድ አስታራቂ ሽማግሌ ቢገኝ፥ ልጇን የማትጥል ሴት ብዙ ናት። ለዚህ ደግሞ ከቄስ የተሻለ መልእክተኛ አላውቅም።

ወደ ዐረብ አገር የሄዱትን እናቶች ነገርም ሳላነሣ አላልፍም። በዚህ ሰፈር እናታቸው ቤሩት ወይም ሪያድ ሆና በአያታቸው እጅ ያሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ገንዘቡ ሲመጣ ሁሉ ደህና ይመስላል። አያቲቱ ሲታመሙ ግን ቤቱ ባንድ ቀን ይናዳል። እኔ እንዲህ ያለ ቤት ስገባ፥ «እማማ፥ እርስዎ ቢተኙ ለልጆቹ እሳት የሚያነድድ ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካለ እመለሳለሁ፤ መልስ ከሌለ ግን ወረቀት አውጥቼ ዘመዱን ሁሉ በአባትም በእናትም በኩል፥ የክርስትና እናቱንም ሳይቀር፥ እንደ ዘር ሐረግ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ወረቀት ላይ ያልታሰበ አክስት የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ኒውዚላንድ በ1989 ባወጣችው ሕግ፥ ስለ ልጅ ከመወሰኑ በፊት ዘመዱ ሁሉ ተጠርቶ እንዲመክር አድርጋለች፤ ይህንንም የወሰደችው ከማኦሪ ሕዝቧ ልማድ ነው። እኛ የቤተ ዘመድ ጉባኤን ከማንም ሳንማር የምናውቅ ስንሆን፥ ልጅ ወደ ማሳደጊያ ሲሄድ ግን ዘመዱን ሳንጠራ እንሰድደዋለን።

ይህን ሁሉ ስናገር ቤት ሁሉ ይጠበቅ፥ ልጅም ከቤቱ ከቶ አይውጣ የምል እንዳይመስላችሁ። ድህነትና ጭካኔ የተለያዩ ናቸው። ልጅ በእሳት የሚተኰስበት፥ ሴት ልጅ ከእንጀራ አባቷ የምትሸሽበት ቤት በምጣድ ሽቦ አይጠገንም። በዚህ ነገር ከአንዳንድ ሽማግሌዎች ጋር ብርቱ ክርክር አለኝ። ሕፃን ልጅ ተደፍራ ሳለ «የቤት ገበና ነው፥ በሽምግልና ይለቅ» ብለው፥ ካሣ አስከፍለው፥ ልጅቱን ወደዚያው ቤት የመለሱ አሉ። ይህ እርቅ አይባልም። ወንጀል ነው፤ የሚሄደውም ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ ካህንም በእንዲህ ያለው ሽምግልና እንዳይቀመጥ እለምናለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለ ማመንታት እፈርማለሁ። ከቤቱ የወጣው ልጅ የሚሄድበትም ተራ አለው፤ አስቀድሞ ወደ ዘመድ፥ ዘመድ ከታጣ ወደ አደራ ቤተ ሰብ ወይም በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ወደሚቀበለው ሰው፥ ሁሉም ካልተገኘ ወደ ማሳደጊያ። ማሳደጊያ የመጨረሻው በር ነው፤ መጀመሪያ የምናንኳኳው ግን እሱን ሆኖ ቈይቷል።

በበዓል ቀን ምእመናን ተሰብስበው ዳቦና ለስላሳ ይዘው ወደ ማሳደጊያ ይሄዳሉ፤ ከልጆቹም ጋር ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ፍቅሩ እውነተኛ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ልጆቹ ግን በማግሥቱ «እነዚያ ሰዎች መቼ ይመለሳሉ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልስ የለም። የዚያው ቀን ወጪ፥ ለአንዲት እናት የሁለት ወር ኪራይ በሆነ ነበር፤ በዚያ ቤት ግን ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገር የለም።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤው የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። ከኢዮቤልዩው በዓል ገንዘብ ጥቂት ተለይቶ፥ በሁለት ካህናትና በሁለት እናቶች እጅ እንዲሆን፤ በብድር እንጂ በምጽዋት እንዳይሰጥ፤ የሚወስደውም ሰው ስም በዐውደ ምሕረት እንዳይጠራ፤ መልሱም በሦስት ቀን እንዲሰጥ፤ በወር የሚመጣ መልስ ለእንዲህ ያለ ቤት አይደርስለትምና። የሚከፈለውም ለምጣድ፥ ለኪራይ፥ ለመድኀኒት፥ ወይም አያትን ለመጠየቅ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው የመኪና ዋጋ ይሁን። ጉዳዩ ከዚህ በላይ ሲሆን ወደ እኛ ላኩት።

የምትወስኑት ከሆነ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይሻላል። በነሐሴና በመስከረም ኪራዩና የትምህርት ቤቱ ወጪ ባንድነት ይመጣል፤ «ልጆቼን ተቀበሉኝ» የሚሉ እናቶችም በእነዚያ ወራት በበራችን ይበዛሉ። ያ ወጣት ባለሙያ ዛሬ አብሮኝ መጥቷል፤ ከጸሎቱ በኋላ በሰንበቴው ቤት እንቈያለንና፥ በየሠፈራችሁ የሚያሳስባችሁ ቤት ካለ ኑና ንገሩን።